ማግኔት የናቀው ሐብል

ባለፈው ሳምንት ከሞጣ ወደ ቢቸና ስመጣ መቀመጫ አጥቼ ቆሜ ነው የተጓዝኩት። የመኪናውን የጣሪያ ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ ጉንደ ወይን ደረስኩ። እዚያ አንድ ሰውዬ ወረዱና ተቀመጥኩ። ፊቴን ልጠርግ እጄን ሳነሳ ያ ሽታ መጣ፤ ላብ የነካው ብረት ሽታ። ደም ደም የሚል፣ ጎምዘዝ ያለ፣ ሸትተውት ምላስ ላይ የሚቀር ዓይነት። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ መዳፌን ደጋግሜ ሳሸት አይታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ታዙር። እኔ በዚያ ሰዓት መኪናው ውስጥ አልነበርኩም፤ ሞጣ፣ እታለም ሱቅ ውስጥ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

እታለም የአባቴ እህት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ገበያው ዳር ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ድስት፣ ማንቆርቆሪያ፣ ትሪ፣ ጭልፋ፣ ምስማርና ሽቦ እየሸጠች ነው ልጇን ያሳደገችው። እኔን ከቢቸና ወደ እሷ የላከኝ አባቴ ነው። ሰው ሲጠይቀው «እህቴን እንድታግዛት ብዬ ነው» ይላል። ውሸቱን ነው። እናቴ መላ አጥታልኝ ነው የተላክሁት። አጥር ላይ እወጣለሁ፣ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ መሀል እገባለሁ፣ የተነገረኝን ሁሉ «ለምን?» እላለሁ። እታለም መናኸሪያ ስትቀበለኝ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣

«ይችን ማስተዋል ብሎ ስም ያወጣላት ማነው?» አለች።

«አባቴ።»

«እሱ ድሮም ቀልደኛ ነው» ብላ የራሷን ዘንቢል ጨምራ አሸከመችኝ።

ሥራዬ ድስት መወልወል ነበር። አዲስ ድስት ምን ይወለወላል ትሉ ይሆናል። የገበያ አቧራ አዲስ አሮጌ አይልም። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ድስቶቹን አንድ በአንድ ወደ ውጪ አወጣለሁ፣ በሎሚ ልጣጭ አሻለሁ፣ በጨርቅ አደርቃለሁ፣ በቁመታቸው አሰልፋለሁ። አሉሚኒየም ጣትን ያጠቁራል። የብረት ሰንሰለትና መቀርቀሪያ ደግሞ እጅ ላይ ያንን ሽታውን ትቶ ይሄዳል፤ በሳሙና ታጥቤ ክፍል ስገባ እንኳ እርሳሴ ይሸተኝ ነበር። በብርዱ ወራት ደግሞ ድስቶቹ ይናከሳሉ። ጎህ ሲቀድ ስነካቸው ጣቴ ተጣብቆ የሚቀር ይመስለኛል። እዚያው አጠገባቸው ያደረው የእንጨት በርጩማ ግን ምንም አይል። ስለዚህ ብረት ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ሲጠጣ ያድራል ብዬ ወሰንኩ። ሰካራም ነው ብዬ።

ገዢ ሲመጣ ድስቱን በአንድ ጣት አንጠልጥዬ በጭልፋ መታ አደርገዋለሁ። ደህና ድስት ድምፁ ይረዝማል፤ የተሰነጠቀ ድስት ያስላል። እታለም ሌላ ሰው እያነጋገረች እንኳ ጆሮዋ እኔ ጋ ነው። «ያ ጉንፋን ይዞታል፣ ለነጋዴው ይመለስለት» ትለኛለች። ልክ ናት ሁልጊዜ።

የእታለም ልጅ የሻረግ ትባላለች። ሰው ፊት አንገቷን ደፍታ የምታልፍ፣ ቤት ስትገባ ደግሞ ሰፈሩን በሙሉ እየመሰለች በሳቅ የምትገድለን ልጅ ነበረች። ደሳለኝ የሚባል ደጀን ጋራዥ የሚሠራ በያጅ ለሥራ ሞጣ መጥቶ ነው የተዋወቁት። የሱቃችን በር ማጠፊያ ወልቆ እሱ በየደልን። በማግስቱ መጥቶ «ጠንክሯል ወይ?» አለ። ጠንክሯል አልነው። እንደገና በየደው። ያልተሰበረ በር ሲበየድ ያየሁት ያኔ ነው። ብልጭታው ዓይን ያጠፋል እየተባልኩ በጣቶቼ መሀል አጮልቄ አያለሁ፤ የሻረግ ግን ብልጭታውንም አላየችው፣ እሱን ነበር የምታየው።

ሽማግሌ ተላከ። እታለም ልጁን ወዳዋለች፤ እሺ አለች። ችግሩ አያ መኮንን ነበሩ፣ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም። አባት ስለሌለ አባት ሆነው የሚመርቁት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ሳይመርቁ ሙሽራ ከቤት አትወጣም። እሳቸው ደግሞ ጉንደ ወይን ላለ የእህል ነጋዴ ወዳጃቸው ልጅ ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል። ሽማግሌዎቹ ተመላልሰው አሸነፏቸውና ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። አያ መኮንን ግን አላኮረፍኩም እያሉ እንዳኮረፉ ቀሩ። ቤታችን ሲመጡ ዳሱን የሚያቆሙትን ሰዎች «ይኼ ምሰሶ ዘሟል» ይላሉ፤ ቅቤውን ቀምሰው «ይኼ ቅቤ ቆይቷል» ይላሉ። የሻረግ በዓይኗ ትከተላቸዋለች። አንድ ቀን ድስት እየወለወልኩ ድንገት፣ «ማስቴ፣ እኒህ ሰውዬ ሰበብ እየፈለጉ ነው። ካገኙ እኔ ጉንደ ወይን ነኝ» አለችኝ። የዚያን ቀን አልመሰለችም፣ አልሳቀችም።

በዚያው ሰሞን ነው ትምህርት ቤት ብረት አስተኔና ኢብረት አስተኔ የሚባል፣ ብረታ ብረትን ከሌላው የሚለይ ትምህርት የመጣው። ቲቸር ስለሺ ቀጭን፣ ወጣት፣ ኖራ በኪሱ የማይጠፋ መምህር ነበር። «ከየቤታችሁ ያገኛችሁትን አምጡና ለሁለት ክፈሉት» አለን። እኔ ተዘጋጅቼበታለሁ። ከሱቃችን ጎን ሬዲዮ የሚጠግነው ሰውዬ ከተቃጠለ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ፈልቅቆ ማግኔት ሰጥቶኝ ነበር፤ ጥቁር፣ እንደ ትንሽ ድፎ ክብ፣ መሀሉ የተበሳ። ይዤው ስዞር ነው የከረምኩት። ስለዚህ ያመጣሁትን ሁሉ በማግኔት ለየሁት። ምስማር፣ ምስማር መንቀያ፣ የላሜራ ቁራጭ በአንድ ወገን። ከሰል፣ ገል፣ የእታለም የአሉሚኒየም ድስትና የመዳብ ሽቦ በሌላ ወገን።

ቲቸር ስለሺ መጥቶ ቆመ። «ድስቱ ከከሰሉ ጋር ምን ያደርጋል?»

«ማግኔቱ እምቢ ብሎታል።»

«እምቢ ስላለው ድስት መሆኑ ቀረ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ «ታዲያ ለምን አልያዘውም?» አልኩ።

ከድስቱ ጋር ያመጣሁትን ጭልፋ ተቀብሎ ድስቱን መታው፤ ጮኸ። ከሰሉን መታው፤ ተፈረካከሰና እጁ ጠቆረ። የመዳቡን ሽቦ ጫፍ በድንጋይ ቀጠቀጠ፤ ሽቦው ተጠፈጠፈ እንጂ አልተሰበረም። «ማግኔት ከብረታ ብረት ሁሉ የሚወደው ጥቂቱን ነው» አለን። «ብረትን፣ ኒኬልን፣ ኮባልትን። መዳብ አጠገቡ ቢያድር ዞር ብሎም አያየው። ብርም እንደዚያው። ወርቅም እንደዚያው።»

«ወርቁንስ አሳየን!» አለ ከኋላ አንዱ።

«እኔ አስተማሪ ነኝ፣ ወርቅ ከየት አመጣለሁ? እመኑኝ።»

ማመን አልወድም፤ ማየት ነው የምወደው። ግን ያን ቀን ሌላ ነገርም ነገረኝ። ሁሉም ሲወጣ ስለ ሰካራሙ ድስት ጠየቅኩት። ብዙ ሳቀ። «ድስቱ ከበርጩማው የበለጠ አልቀዘቀዘም። ድስቱ የእጅሽን ሙቀት ፈጥኖ ይወስድብሻል፣ እንጨቱ አይወስድብሽም። የሚቀዘቅዘው እጅሽ ነው» አለኝ። ተናደድኩ። ሰካራም ያልኩት ለካ ሌባ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ድስት በጨርቅ ይዤ አወጣሁ።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል ሴቶቹ ፍራሽ ሲሰፉ ትልቁ መርፌ ገለባው ውስጥ ጠፋ። እግር ይወጋል ተብሎ ግቢው ተተራመሰ። እኔ ማግኔቴን በገመድ አስሬ ገለባው ላይ እየጎተትኩ መርፌውን አወጣሁት። አያ መኮንን ቆመው ያያሉ። «ይች ድንጋይ ትሠራለች» አሉ፤ ተቀበሉኝ፣ አገላበጡ፣ የከዘራቸውን የብረት ጫፍ አስነኩት፤ ጣ! አለ። ሲመልሱልኝ ፈገግ ብለው ነበር። አያ መኮንን ፈገግ ሲሉ ጥሩ ነገር እንዳልሆነ አላወቅሁም ነበር።

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ሞልቷል። ሳር ተጎዝጉዟል፤ የረገጡት ሁሉ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ገብቶ ተቀምጧል። የሻረግ በወጉ መሠረት ጓዳ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ናት። ጥሎሽ ሊታይ ነው። ዋናው ሚዜ ትሪውን ከፍ አድርጎ አንድ በአንድ ያነሳል፦ ይኼ ቀሚስ፣ ይኼ ካባ፣ ይኼ ጫማ፣ ይኼ ጥላ። የሙሽሪት ወገን ደግሞ ያጣጥላል፤ ማጣጣል ወግ ነው። «ልጃችን በዚህ ነው የምትሄደው?» ይላል አንዱ። «ይችን ጥላ ዝናብ አይቶ ይስቅባታል!» ይላል ሌላው። ሳቅ ነው። ሐብሉ ሲወጣ ሰዉ አንገቱን አሰገገ። ቀጭን፣ ቢጫ፣ ከሚዜው ጣት ላይ እንደ ውሃ የሚንጠባጠብ ሐብል።

«ወርቅ ነው?» አሉ አያ መኮንን።

«ወርቅ ነው አባባ» አለ ሚዜው። እሱም ሌላውም ጨዋታ መስሏቸዋል።

«እናያለና። ያቺ የቢቸናዋ የት አለች? ድንጋይሽን አምጪ!»

አመጣሁ። ማግኔቱን ተቀብለው ሐብሉ ላይ አደረጉት። ሐብሉ አልተንቀሳቀሰም። ቀስ ብለው ከፍ አደረጉት፤ ሐብሉ ትሪው ላይ እንደተኛ ቀረ። ለሁሉም አሳዩ።

«ባሕር ዳር ወርቅ ቤት በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። «ባለወርቁ ሲገዛ ማግኔት ነው የሚያስጠጋበት። እውነተኛውን በዚያ ነው የሚለየው። ይኸው ይኼ ንቅንቅ አላለም። መዳብ አብለጭልጫችሁ አመጣችሁልን!»

አሁን ማንም አልሳቀም። ደሳለኝ ተነሣ። እጆቹ በብየዳ ፍንጣሪ የተነቃቀሱ ናቸው። «አባባ፣ ሐሰተኛ ተብዬ አልቀመጥም» አለ። ሚዜዎቹም ተነሡ።

ልጅ ጥሎሽ ላይ አይናገርም። አውቃለሁ። «አያ፣ ወርቅ እኮ ማግኔት አይዘውም!» አልኩ። «ባለወርቁ የሚጥለው ማግኔት የያዘውን ነው! ከያዘው ውስጡ ብረት ነው ማለት ነው!»

«ማን አለሽ?»

«ቲቸር ስለሺ።»

«ቲቸር ስለሺ ወርቅ አለው?»

«የለውም» አልኩ። እውነቱን ነው የተናገርኩት። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

የቤተሰቡ የነፍስ አባት የሆኑት ቄስ እጃቸውን አንሥተው ሳቁን አስቆሙ። «አያ መኮንን፣ ነገር በችኮላ አይሁን። በሌላ ወርቅ እንሞክረው» አሉ።

«ይሞከር!» አሉ አያ መኮንን ደረታቸውን ነፍተው። «የሚስቴ የብርቄ ቀለበት አለ። እኔው ራሴ ያጠለቅኩላት ወርቅ ነው፤ አይታማም። ማግኔቱ እሱን ይዞ ይኼን ሐብል ከተወ ልጅቱ ከዚህ ንቅንቅ አትልም። እሱንም ከተወው ግን አሁኑኑ እመርቃለሁ። ሂጂ አንቺ፣ ቀለበቱን ከእትዬ ብርቄ ተቀብለሽ አምጪ።»

በደስታ ነው የሮጥኩት። በቃ፣ አሸንፈናል። ወርቅ አይያዝማ።

ጓዳ ስገባ እዚያ የነበሩት ሦስቱ ሴቶች ሁሉንም ሰምተዋል፤ በእነሱና በዳሱ መሀል ያለው አንድ መጋረጃ ነው። የሻረግ በሙሽራ ልብሷ ከእናቷ ጎን ቆማለች። እትዬ ብርቄ፣ የአያ መኮንን ሚስት፣ ከወጡ ድስት አጠገብ ተቀምጠው ግራ እጃቸውን በቀኝ እጃቸው ሸፍነዋል።

«እትዬ፣ ቀለበቱን ስጡኝ፣ ቶሎ!»

«አይሆንም ልጄ።»

«ለምን?»

ቀለበቱን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ጣታቸውን አሳዩኝ። ከሥሩ ቆዳቸው ላይ ቡናማ ክብ ነበር። ዝገት። ወርቅ እንደማይዝግ ለማወቅ ቲቸር ስለሺ አያስፈልግም፤ ሱቃችን ውስጥ የሚዝገው ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የምፈትገው።

«ዋናውን ሸጬዋለሁ» አሉ በሹክሹክታ። «ትንሹ ልጄ ታሞ የተኛ ጊዜ። ወንድሜ ረዳኝ ብዬ ነው ያሳከምኩት። ይኼን ደጀን መንገድ ዳር ካለ ሱቅ ገዝቼ አጠለቅሁ። እሳቸው እስከ ዛሬ አያውቁም። ይይዘዋል ልጄ። ይይዘዋል።»

ቆምኩ። ይህን ቀለበት ይዤ ብወጣ ማግኔቱ ይይዘዋል፤ የሻረግ ጉንደ ወይን ናት። ቀለበቱ የውሸት ነው ብዬ ብናገር እትዬ ብርቄ በሰው መሀል ተዋርደው ይቀራሉ።

«የት ገባች ይች ልጅ!» ይላሉ አያ መኮንን ከውጪ።

እታለም ወደ እኔ መጣች። የራሷን ቀለበት፣ ሟች ባሏ ያጠለቀላትን፣ መጎተት ጀመረች። አልወጣም። የሠርጉ ሥራ ጣቶቿን አሳብጧቸዋል። የሻረግ የሙሽራ ልብሴ ሳትል ቅቤ ዕቃ ውስጥ እጇን ከታ አፍሳ የእናቷን ጣት ለቀለቀች። «ጎትቺ!» አለችኝ። ጎተትኩ። እታለም ከንፈሯን ነከሰች፤ ቀለበቱ ሙልጭ ብሎ እጄ ላይ ወደቀ።

«አያ መኮንን ይለዩት እንደሆነስ?» አልኩ።

እትዬ ብርቄ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «እሳቸው? እንኳን ቀለበቱን ጣቴንም አይለዩት» አሉ።

«ይኼስ እውነተኛ ወርቅ ነው?» አልኳት እታለምን። ሳልጠይቅ መሄድ አልቻልኩም።

እታለም ራሷ አታውቅም። ባሏ ወርቅ ነው ብሎ ሰጣት፤ እሷም አመነች፤ ሌላ ማስረጃ የላትም። «አሁን እናያለና» አለችና በትከሻዬ ገፍታ አወጣችኝ።

አያ መኮንን ቀለበቱን ሲቀበሉ አሙለጨለጫቸው። «ይኼ ምንድነው?»

«ቅቤ ነው አያ። ወጥ ላይ ነበሩ።» ይኼ እንኳ ውሸት አይደለም፤ እትዬ ብርቄ ወጥ ላይ ነበሩ።

በጋቢያቸው ጠርገው ትሪው ላይ፣ ከሐብሉ ጎን አስቀመጡት። ማግኔቱን አወረዱ። ቲቸር ስለሺ ወርቅ የለውም፤ ያየሁት ድስትና መዳብ ነው፤ የቀረው በእምነት ነው። ማግኔቱ ቀለበቱን ነካ። ቀለበቱ ዝም አለ። አገላበጡት። ዝም። ማግኔቱ የሞተ መስሏቸው የከዘራቸውን ጫፍ አስነኩት፤ ጣ! ተመልሰው ቀለበቱን ነኩ። ዝም።

ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩ። «አያ መኮንን፣ ይኼን ቀለበት የገዙት አንቱ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ እንጂ! ማን ሊገዛላት ነው!»

«ወርቅ ብለው ነው የገዙት?»

«ምን ማለትዎ ነው አባ? ወርቅ ነዋ!»

«አልያዘውማ።»

ዳሱ በሙሉ እሳቸውን ያያል። እሳቸው ማግኔቱን ያያሉ። ወይ ለሚስታቸው ሐሰተኛ ወርቅ ያጠለቁ ሰው ናቸው፣ ወይ ባሕር ዳር ያዩትን አጣመው ያዩ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ወርቅ በማግኔት አይያዝም ማለት ነው» አሉ ጮክ ብለው፣ ልክ እሳቸው እንዳገኙት። «እኔም ላረጋግጥ ብዬ ነው። ልጅ ስሰጥ ሳላረጋግጥ እሰጣለሁ? ተቀመጥ አንተ ልጅ፣ ምን ያስቆምሃል!»

ደሳለኝ ተቀመጠ። ሚዜዎቹ አጨበጨቡ። አያ መኮንን ቀለበቱንና ማግኔቱን አንድ ላይ መለሱልኝ፤ ማግኔቱን የሹራቤ የደረት ኪስ ውስጥ ከትቼ ወደ ጓዳ በረርኩ።

«አልያዘም!» አልኩ መጋረጃውን ሳልዘጋ። የሻረግ በአፏ ላይ እጇን አደረገች። እታለም ቀለበቷን ተቀብላ፣ ቅቤው ሳይደርቅ መልሳ አጠለቀችው፤ ስታጠልቀው ባሏን በልቧ ያመሰገነችው ይመስለኛል፤ ፊቷ እንደዚያ ነበር። እትዬ ብርቄ ተነሥተው ግንባሬን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ግራ እጃቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ።

ጣ!

እጃቸው ደረቴ ላይ ተለጠፈ። ቢስቡ ቀለበቱ አይለቅ፣ ቢተዉት እኔን አቅፈው ሊቀሩ ነው። አራታችንም ደረቅን። መጀመሪያ የሳቀችው የሻረግ ናት፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። እታለም ግድግዳው ላይ ተደገፈች። እትዬ ብርቄ «ዝም በሉ፣ ዝም በሉ፣ ይሰማሉ» እያሉ እሳቸው ከሁላችን ብሰው እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

ከመጋረጃው ወዲያ አያ መኮንን ቆመው ምርቃት ጀምረዋል። ድምፃቸው ሞልቶ ይመጣል፦ ውለዱ፣ ክበዱ፣ ቤታችሁ ይሙቅ። «አሜን በሉ!» አሉ።

«አሜን!» አልን ከጓዳ፣ እትዬ ብርቄ ደረቴ ላይ እንደተለጠፉ።